የድሬሰሩ ቬስፓና የቀድሞ ሞተረኞቻችን

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ጂንካ)



የወር መዋጮውን ጉዳይ ጨርሰናል። የተቀደደው ድንኳን እንዲሰፋም ተስማምተናል። የቀረን ሦስተኛው አጀንዳ ነው። ወረቀቱ ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ይላል እንጂ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ሰፈሩን ለሁለት የከፈለው የድሬሰራችን ቬስፓ ነው።

እኔ እንደምታውቁኝ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ንግግር አላውቅበትም። ነገር ግን ኮሚቴው «አንተ ነገሩን ከሥሩ ታውቀዋለህ፣ አስረዳ» ስላለኝ ጽፌ መጥቻለሁ። የሰው ስም አልጠራም። ግማሾቹ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹን ደግሞ ይኸው ማኅበር ቀብሯቸዋል። አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብረሳ ቅሬታ ይሆናልና በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። ድሬሰሩ፣ መምህሩ፣ የወባው ጋሼ፣ የግብርናው ጋሼ፣ የቀጥቃጩ ልጅ እያልኩ ነው የምናገረው።

ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች ድሬሰር ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። ያኔ ሐኪም እንደ ልብ አይገኝም። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ሲቸግርም ምጥ የያዛትን የሚረዳው ድሬሰር የሚባለው የጤና ሠራተኛ ነበር። ጂንካ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ክፍለ ሀገራችን ጋሞ ጎፋ ነው፣ ዋና ከተማው አርባ ምንጭ። አስፋልት የለም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ በጋውን ደግሞ አቧራ ነው። ደረቅ የነበረው ወንዝ ዝናብ ላይ በአንድ ሌሊት ይሞላና መኪና ሁለትና ሦስት ቀን ወዲያ ማዶ ያድራል።

እንግዲህ በዚህ አገር ነው ድሬሰሩ በ1966 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ቬስፓ ይዞ የመጣው። ያኔ ገና የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ስለሞተ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሲነግሩኝ «አንተ» እያሉ ስለሆነ እንደነገሩኝ ልቀጥል። ቬስፓዋ በዳኮታ አውሮፕላን ተጭና መጣች። በከተማችን መካከል ያለው የሣር ሜዳ ላይ ነው የወረደችው። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በ2009 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ ጂንካ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ሜዳ ላይ እንደነበር ከሃያ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ከብት የሚግጥበት፣ እኛ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ። መምህሩ እንደሚሉት፣ ከአውሮፕላኑ ሆድ ያቺ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ስትወጣ አንዲት እናት «አውሮፕላኑ ወለደ!» ብለው እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ሞተር ያላቸው ሰዎች ተጠራሩ። አምስት ነበሩ። የወባው ጋሼና የግብርናው ጋሼ የመሥሪያ ቤት ዶቅዶቄ ነበራቸው። መምህሩ አሮጌ ሞተር በራሳቸው ደመወዝ ገዝተዋል። የቀጥቃጩ ልጅ ሞተር አልነበረውም፤ ግን የሁሉንም ሞተር የሚያውቀው እሱ ነው። ክበብ ብለው አልተመዘገቡም፤ ማኅተም የላቸው፣ መዝገብ የላቸው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሜዳው ዳር ይገናኛሉ፣ ሞተራቸውን ያጥባሉ፣ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ደግሞ በሞተር እየዞሩ ከብቱን ከሜዳው ያስወጣሉ።

ሕግ ግን ነበራቸው። በወረቀት አልተጻፈም፣ ሦስቱ አሁንም በቃላቸው ይሉታል። አንደኛ፣ የአንዱ ሞተር ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ሁለተኛ፣ ቤንዚን ያለው ለሌለው ያካፍላል። ሦስተኛ፣ በቅዳሜ ገበያ መካከል ሞተር አይነዳም፤ ወርደው ይገፉታል። አራተኛ፣ በሽተኛ ካለ ሽርሽር ይቀራል። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ያቺ ሁለተኛዋ ሕግ ከባድ ነበረች። ቢሆንም አልፈረሰችም ይላሉ።

ወደ ቀይ አፈር ይወርዱ ነበር። ለሐሙስ ገበያ፣ አንዳንዴም እንዲሁ ለመንሸራሸር። ዛሬ ባጃጅ ላይ ተቀምጠን «ሩቅ ነው» የምንለውን መንገድ ያስቡት። የቬስፓ ጎማ ትንሽ ነው፤ ድንጋዩም ጭቃውም ይይዛታል። ደረቅ ወንዙ አሸዋ ላይ ስትሰምጥ የበና ወጣቶች መጥተው አራት ሆነው ተሸክመው ያሻግሯታል። ወደ መቶ ኪሎ የምትመዝን ዕቃ ናት። ከዚያ በቅል ሾፎሮ ይቀርባል፣ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ሙዚቃ የሚባል የለም፤ ሙዚቃው የሞተሩ ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ የሚያስቀይመው ካለ ይቅርታ። በዚያ ዘመን የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ከሌላው ጋር በአንድ ዋንጫ አይጠጣም ነበር። እዚሁ እኛ ከተማ ነው የምላችሁ። ማረሻችንን የሚሠራልን፣ ቢላዋችንን የሚሠራልን ሰው፣ ቤት ሲገባ ከበር መልስ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ጠላ ቤት ውስጥ ለአራቱ በዋንጫ፣ ለእሱ በቆርቆሮ ተቀዳለት። ድሬሰሩ ምንም አልተናገረም። የራሱን ዋንጫ ለቀጥቃጩ ልጅ ሰጠው፣ ቆርቆሮውን አንስቶ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስቱም በአንድ ዋንጫ ነበሩ። ይህን የነገሩኝ የቀጥቃጩ ልጅ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ የማኅበራችን አባል፣ የቀብር አስተባባሪያችን ናቸው። ሲነግሩኝ ቬስፓዋን እየጠረጉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

የቬስፓዋ የማስነሻ ፔዳል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተሰበረ። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የቀጥቃጩ ልጅ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ሠራላት። ያ ፔዳል እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ልብ በሉልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ከዛሬ በፊት በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም።

በ1981 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድሬሰሩና መምህሩ ቬስፓዋን ሲያጸዱ እኔ ውኃ አቀብላለሁ። ካንዴላዋን ፈትተው ጨርቅ ላይ አስቀመጡ። ነጩ ሸክላ ሲያብረቀርቅ ዓይኔ ገባ። ዘወር ሲሉ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። እስኪመሽ ፈለጉ፣ እኔም አብሬ ፈላጊ መስዬ ሣሩን ዳበስኩ። ሌላ ካንዴላ በከተማው የለም። ገጥመው መሄድ ስላልቻሉ ገፍተው ወሰዷት።

በዚያው ሌሊት ከነሪ ወንዝ ማዶ ሰው መጣ። ሴት ምጥ ይዟት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የወባውና የግብርናው ጋሼዎች መስክ ወጥተዋል። የመምህሩ ሞተር ቤንዚን የለውም፤ የወሩ ኩፖን አልቋል። ድሬሰሩ ቦርሳውን ይዞ በእግሩ ሄደ፤ ዝናብ ነበር። ሲደርስ ሊነጋ ነው። እናትየው ተረፈች። ሕፃኑ ግን ቀድሞ ሞቶ ነበር።

እኔ ይህን በማግሥቱ ከሰው አፍ ሰማሁ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በአራተኛው ቀን ካንዴላውን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። እንደሚገድለኝ ነበር የማስበው። ተቀብሎኝ ዝም ብሎ አየው። «ቬስፓዋ ብትነሳ ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «አይታወቅም» አለኝ። አይተርፍም ቢለኝ ዋሽቶ ባሳረፈኝ ነበር፤ ይተርፍ ነበር ቢለኝ በሰበረኝ ነበር። «አይታወቅም» ብቻ። ከዚያ እጄን ያዘና ካንዴላውን መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ በሽቦ ብሩሽ እንዴት እንደሚጠረግ፣ ጫፉ ላይ ያለው ክፍተት በጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ መሆን እንዳለበት አሳየኝ። «ይቺ ትንሽ ነገር ናት። ያለ እሷ ግን እኔ እግረኛ ነኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ካንዴላ ማጽዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆምኩት ሰውዬ የማውቀው የእጅ ሙያ ሁሉ ከዚያ የጀመረ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ኮሚቴውም ይህን አውቆ ይስማኝ።

ድሬሰሩ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ቬስፓዋ ከማንጎው ሥር ባለው ዳስ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ቆመች። አምና እሳቸውን ቀበርን። የግብርናው ጋሼ ቀድመው ሄደዋል። ከአምስቱ የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ሁሉም ሰባን የተጠጉ ወይም ያለፉ። ከተዝካሩ በኋላ ሦስቱ እትዬን አስፈቅደው ቬስፓዋን ማደስ ጀመሩ። እኔም ብሎን እያቀበልኩ አብሬ አለሁ።

ምን እንደተሠራ ባጭሩ ላስረዳ፤ «ሽማግሌ ብረት ሲጠርግ ይውላል» የሚል ሰው ስላለ ነው። ፒስተኗ ተጣብቆ ነበር። በግድ ቢረገጥ ይሰበራል። በካንዴላው ቀዳዳ ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅለን ጨምረን ዘጠኝ ቀን ተውናት፤ በአሥረኛው ቀን በእጅ ቀስ ብለን ስናዞራት ተላቀቀች። ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ዝገት በጠጠርና በሳሙና ውኃ ተንቀጥቅጦ ታጠበ። ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ቀዳዳው በትንሽ የሽቦ ክር ተጠረገ። ኩሽኔታው አልቋል፣ ፋሻውም አልቋል፤ እነዚህ መገዛት አለባቸው። ማርሚታው በካርቦን ተደፍኖ ስለነበር እሳት ላይ አድርገን አቃጠልነው።

ከሁሉ የሚብሰው ወለሏ ነው። ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር የብረት አጥንት የላትም፤ ላሜራዋ ራሱ አጥንቷ ነው። ስለዚህ ዝገት ሲበላት መልኳ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የሚነዳት ሰው ከሥሩ ትሰበራለች። ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ማለት ሬሳን ኩል መኳል ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ዘይቷም የተለየ ነው። ሁለት ምት የሚባል ሞተር ስለሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ለጥንቶቹ 5 በመቶ፣ ለኋለኞቹ 2 በመቶ። ለአምስት ሊትር ቤንዚን ለጥንቷ ሩብ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ንጹህ ቤንዚን ሞልቶ ከተማ ሳይወጣ ፒስተኑን ያቃጥላል።

ለመሆኑ ይቺ ዕቃ ከየት መጣች? መምህሩ እንዳስረዱኝ ቬስፓን የሚሠራው ፒያጆ የሚባለው የጣልያን ድርጅት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ፖንቴዴራ የሚገኘው ፋብሪካው በጦርነቱ በቦምብ ፈራረሰ። ጣልያን ተሸነፈች፣ ሕዝቡ ደህየ፣ መንገዱ ተበላሸ። ያኔ ባለቤቱ ኤንሪኮ ፒያጆ ርካሽ መጓጓዣ እንሥራ አለ። የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነው። ሰውዬው ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር አሉ፤ ልብስ ያቆሽሻል፣ ካቴናው ይበጠሳል፣ ጎማ መቀየር ያስቸግራል። ስለዚህ ካቴና የሌላት፣ ከፊት መከለያ ያላት፣ ቀሚስ የለበሰች ሴትም ቄስም የሚቀመጡባት አድርጎ ሠራት። የፊት ጎማዋ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘው እንደ አውሮፕላን እግር ነው። በፈረንጆች 1946፣ በእኛ 1938 ዓ.ም. ወጣች። ፒያጆ ሲያያት «ተርብ ትመስላለች» አለ ይባላል፤ ቬስፓ ማለት በጣልያንኛ ተርብ ነው። ወገቧ ቀጭን፣ ድምፅዋ እዝዝዝ ነው።

እናንተ «የጣልያን ዕቃ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ፣ ነገሩ ይገባኛል። አባቶቻችን በጣልያን አውሮፕላን ተደብድበዋል። ነገር ግን ቦምብ ጣይ ይሠራ የነበረ ፋብሪካ ድሃ የሚጓጓዝበት ዕቃ ወደ መሥራት መዞሩ፣ ያም ዕቃ እዚህ ደርሶ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድሬሰር እግር መሆኑ፣ ለእኔ ጥሩ ነገር ነው።

ደግሞ ሌላ ላስገርማችሁ። ቬስፓ በወጣች በሁለት ዓመቷ ያው ድርጅት ባለ ሦስት ጎማ ወንድም ሠራላት፤ ስሙን አፔ አለው፣ ንብ ማለት ነው። ሕንድ አገር ባጃጅ የሚባለው ድርጅት ከጣልያኖቹ ፈቃድ ገዝቶ ቬስፓንም ባለ ሦስት ጎማውንም መሥራት ጀመረ። ፈቃዱ በፈረንጆች 1971 ሲያበቃ በራሱ ስም ቀጠለ። እንግዲህ ዛሬ በጂንካ መንገድ ላይ የምትሳፈሩበት ባጃጅ የማንጎው ሥር የቆመችው ቬስፓ የወንድም ልጅ ነው። ባጃጅ የምትነዱ ልጆች አክስታችሁን እየናቃችሁ ነው ማለት ነው!

ቬስፓ ያላቸው ሰዎች በማኅበር መሰብሰባቸውም የቆየ ነገር ነው። የጣልያን ቬስፓ ክበብ የተቋቋመው በፈረንጆች 1949 ነው። ዛሬም በብዙ አገር ሽበታም ሰዎች አሮጌ ቬስፓና ላምብሬታ እያደሱ በአንድነት ይነዳሉ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ያላቸው ሰዎች እየተሰባሰቡ ያድሳሉ፣ ተሰልፈው ይነዳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ያችን ዓይነት መኪና ያየ ሰው ዘመኑን ያስታውሳል። አሮጌ ዕቃ ይህን ያህል ጉልበት አለው።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ።

ባለፈው ወር አንድ የቁርጥራጭ ብረት ገዢ መጥቶ ቬስፓዋን በኪሎ መዝኜ ልውሰድ አለ። እትዬ እምቢ አሉ። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ የመጣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አየና ደህና ዋጋ ጠራ። ዋጋውን ለሰፈር አልናገርም፤ የሰው ጓዳ ነው፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ተመዝግቧል። ሰውዬው በደስታ እንደሚያድሳት፣ ያን ከባሌስትራ የተሠራውን ፔዳል ግን ጥሎ ዋናውን ከውጭ እንደሚያስመጣ ተናገረ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «የጓደኛችን ንብረት ለባዳ አይሸጥም» ተባለ። እትዬም ተቆጡ። የተናገሩትን እንዳለ ልጻፈው፤ «ትዝታ ጣራ አይከድንም። ቤቴ እያፈሰሰ ነው፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። የምትወዷት ከሆነ ሃያ ዓመት ስትዝግ የት ነበራችሁ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ እትዬን «ገንዘብ ወዳድ» አለ፤ ግማሹ ሽማግሌዎቹን «የጃጁ» አለ።

እኔ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ እትዬ ልክ ናቸው። ቬስፓዋ የእሳቸው ናት። ድሬሰሩ በሌሊት ሲወጣ በር ከፍተው የሸኙት፣ እስኪመለስ ቁጭ ብለው ያደሩት እሳቸው ናቸው። እኛ ስለ ቬስፓዋ የምናወራው የደስታውን ወሬ ነው፤ እሳቸው የከፈሉትን አናወራም። ባልየው የሞተበትን ቤት «ዕቃሽን አትሽጪ፣ እኛ እያየናት እንድናስታውስ» ማለት ግፍ ነው። የወደደ ሰው ይከፍላል፤ ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቹም ግን ልክ ናቸው። እነሱ የሚፈሩት ለብረቱ ብቻ አይደለም። አንድ ማታ የወባው ጋሼ «እኛ ስንሞት ይህን ሞተር የሚያዳምጥ ጆሮ አብሮ ይቀበራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዛሬ የሰፈራችን ልጆች ሞተር ይነዳሉ፤ ሞተር ግን አያውቁም። ሲበላሽ ይሸጡታል ወይም ይጥሉታል። ራስ መከላከያ ቆብ ሳያደርጉ ሦስትና አራት ተፈናጠው በገበያ መካከል ይከንፋሉ። በዚህ ዓመት ብቻ ይህ ማኅበር በሞተር አደጋ የሞተ ልጅ ድንኳን ተክሏል። እናቱ እዚህ ስላለች ከዚህ በላይ አልናገርም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል ምክንያቱ ምን ነበር? በሞተር ላይ ሆኖ የሚሰርቅ በዛ ተባለ። ያው ሞተር በአንዱ ሰው እጅ የሌባ ፈረስ ይሆናል፣ በሌላው እጅ የድሬሰር እግር ይሆናል። ልዩነቱ ያቺ አራት መስመር ሕግ ናት፤ የአንዱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል።

ስለዚህ ኮሚቴው ተወያይቶ የሚከተለውን ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀርባል።

አንደኛ፣ ቬስፓዋ የእትዬ ንብረት መሆኗን ጉባኤው ይወቅ። ለማንም ቢሸጧት ማንም ሰው ቅር ሊሰኝባቸው፣ ሊያማቸውም አይገባም። በዚህ ሰሞን ክፉ ቃል የተናገረ ይቅርታ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ እዚሁ እንድትቀር የምንፈልግ ሰዎች የአዲስ አበባው ሰው የጠራውን ዋጋ ሳንቲም ሳይጎድል እንክፈላቸው። ምርቃት ዋጋ አይሆንም። የማኅበሩ ገንዘብ ለቀብርና ለለቅሶ ስለሆነ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት አይነካም። በፈቃደኝነት የተለየ መዋጮ ይሰብሰብ። እትዬ እስከ ጥምቀት እንደሚጠብቁን ቃል ሰጥተውናል፤ ካልሞላ ለአዲስ አበባው ሰው ይሸጣሉ፣ እኛም ተሸክመን እንጭንላቸዋለን።

ሦስተኛ፣ ቬስፓዋ ከተገዛች የማኅበሩ ዕቃ ቤት ዳር ላይ ትቀመጥ። ሦስቱ አባቶች በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ልጆች፣ ለሴቶችም ለወንዶችም፣ ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተምሩ። መምህሩ መዝገብ ሊይዙ ተስማምተዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ወደፊት ሁሉ ነገር በኤሌክትሪክ ነው ይባላል። ይሁን። ኤሌክትሪክም ቢሆን ኩሽኔታ አለው፣ ፍሬን አለው፣ ብሎን አለው። ካንዴላ ያጸዳ እጅ ሌላውንም ይማራል።

አራተኛ፣ ከዚያ ለመማር የሚመጣ ሞተረኛ ሁሉ ቆብ ያድርግ። ቆብ የሌለው ካቻቪቴ አይነካም።

አምስተኛ፣ ያ ከባሌስትራ የተሠራው ፔዳል አይቀየር። «ኦሪጅናል አይደለም» የሚል ካለ፣ ለእኛ ኦሪጅናሉ እሱ ነው።

የእኔን መዋጮ ዛሬ ለገንዘብ ያዡ አስረክቤያለሁ፤ ደረሰኙ በእጄ ነው። ብዙ አይደለም። የአንድ ካንዴላ ዕዳ በገንዘብ እንደማይከፈል አውቃለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደተባለው፣ የቻላችሁትን አድርጉ፤ ያልቻለ ደግሞ አይፈር፣ ጉልበቱን ያምጣ። የላሜራ ብየዳው ገና አልተጀመረም።

እትዬ፤ ሽማግሌዎቹ በእርስዎ ላይ ስለተናገሩት ነገር ከስብሰባው በኋላ ቤትዎ ሊመጡ ነው። ቡና እንዲያፈሉላቸው አልጠይቅዎትም፤ ቡናውን እነሱ ይዘው ይመጣሉ። የሚያፈስሰውን ጣራም የማኅበሩ ወጣቶች በሚቀጥለው እሑድ ወጥተው ያዩታል። ይህ ከቬስፓዋ ጋር አይገናኝም፤ ትሸጥም ትቅርም የእርስዎ ጣራ የእኛ ሥራ መሆን ነበረበት። ዘግይተናል፤ ይቅርታ።

ሐሳቤን በዚሁ ጨረስኩ። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ መዋጮ ለመክፈል የሚፈልግ በየእሑዱ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በማኅበሩ ቢሮ ገንዘብ ያዡን ማግኘት ይችላል። ያለ ደረሰኝ ለማንም ሰው ገንዘብ እንዳትሰጡ።